ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባው አይሄድም፦ የአውትቦርድ ሞተር የታችኛው ክፍል ብልሽቶችና መፍትሄያቸው

ከጀልባ ኋላ የሚታሰር ሞተር (አውትቦርድ) ድንጋይ ወይም ግንድ ሲመታ ቀድሞ እንዲሰበር ሆን ተብሎ የተሠራ ርካሽ ዕቃ አለው። ውዱ ማርሽ ብዙ ጊዜ የሚበላው ያ ዕቃ በማይሆን ነገር ሲተካ ወይም ምልክቱ ችላ ሲባል ነው።

ፕሮፔለሩን ከመንካትዎ በፊት ሞተሩን አጥፍተው የካንዴላውን ገመድ ይንቀሉ። ማርሽ ውስጥ እያለ ፕሮፔለሩን በእጅ ማዞር ሞተሩን ሊያስነሳው ይችላል።

ጋዝ ሲሰጥ ድምፁ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ አይጨምርም

በትንንሾቹ ሞተሮች ላይ ፕሮፔለሩን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ብዙ ጊዜ አንድ ቀጭን ፒን ነው። ማርሽ አስገብተው ፕሮፔለሩን በእጅ ሲያዞሩ እሱ ዞሮ የዘንጉ ጫፍ ከቆመ ፒኑ ተቆርጧል። ኮፒሊያውን (ፕሮፔለሩ እንዳይወጣ የሚይዘውን ባለ ሁለት እግር ሽቦ) ያውጡ፣ ፕሮፔለሩን ይሳቡ፣ ስብርባሪውን ገፍተው ካወጡ በኋላ ለሞዴሉ የተሠራውን ፒን ያስገቡ። ሚስማር ቆርጦ መክተት የተለመደ ስህተት ነው፤ ጠንካራ ብረት አይቆረጥም፣ ስለዚህ ቀጣዩ ምት በቀጥታ ወደ ማርሹ ጥርስ ያልፋል። ሁለት መለዋወጫ ፒን፣ ኮፒሊያና ፒንሳ ከጀልባው አይጥፉ።

ፒን በሌላቸው ሞተሮች ይህን ሥራ የሚሠራው በፕሮፔለሩ መሃል ያለው ጎማ ነው። ጎማው ሲላቀቅ ጀልባው በዝግታ ደህና ይሄዳል፤ ጋዝ ሲጨመር ግን ይንሸራተታል። ለማረጋገጥ ከውስጠኛው ብረት እስከ ውጭኛው አካል አንድ ቀጥ ያለ መስመር በቀለም ያስምሩና ጥቂት ነድተው ይመልከቱ። መስመሩ ከተቆራረጠ ጎማው ሄዷል። በዝቅተኛ ጋዝ ወደ ዳር መመለስ ይቻላል፤ ከዚያ ጎማው ወይም ፕሮፔለሩ ይቀየራል።

መስመሩ ካልተቆራረጠና ችግሩ ሲታጠፉ ወይም ማዕበል ላይ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ፕሮፔለሩ አየር እየሳበ ነው። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ሳህን ከጀልባው ወለል ታች ጋር በግምት እኩል መሆን አለበት፤ ብዙ ከፍ ብሎ ከሆነ ሞተሩን ዝቅ አድርገው ይግጠሙት።

የማርሽ ዘይቱ ወተት መስሏል

ውሃ ገብቷል ማለት ነው፣ ይህ ደግሞ የማይዘገይ ነገር ነው፤ ውሃ የገባበት ዘይት ማለስለሱን ያጣል፣ ኩሽኔታውና ጥርሱም ይዝጋሉ። ዋናው ተጠርጣሪ የዓሣ ማጥመጃ ክር ነው። ክሩ በፕሮፔለሩና በማርሽ ቤቱ መካከል ዘንጉ ላይ ይጠመጠማል፣ በሙቀትና በውጥረት ወደ ኦይል ሲሉ (ዘይት እንዳይወጣ፣ ውሃ እንዳይገባ ዘንጉን ከቦ የሚያግደው ጎማ) ገብቶ ይቆርጠዋል። ከውጭ ስለማይታይ ፕሮፔለሩን አልፎ አልፎ፣ ክር ካለበት ውሃ በኋላ ደግሞ ወዲያው አውጥቶ ማየት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ምክንያት ተራ ነው፦ የዘይት ቪቴዎቹ ጋስኬት ሳይቀየር መልሶ መታሰሩ።

ዘይት ሲቀይሩ ሞተሩን ቀጥ አድርገው ያቁሙ። መጀመሪያ የታችኛውን ቪቴ፣ ከዚያ የላይኛውን ይፍቱ። የታችኛው ቪቴ ማግኔት ካለው ይመርምሩት፦ ግራጫ ልም ዱቄት የተለመደ ነው፣ ስንጣሪ ብረት ግን የተሰበረ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ ነው። አዲሱ ዘይት በታችኛው ቀዳዳ ተገፍቶ በላይኛው እስኪወጣ ይሞላል፤ ከላይ ከተሞላ አየር ታምቆ ይቀራል። ዘይቱ ከላይ ሲወጣ የላይኛውን ቀድመው ይዝጉ፣ ከዚያ ቱቦውን ነቅለው የታችኛውን ቶሎ ይዝጉ። ሁለቱም ጋስኬት አዲስ ይሁን። በየ100 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንዴ፣ የቀደመው በደረሰ ጊዜ፣ መቀየር ጥሩ ነው። በአዲስ ጋስኬት እንደገና ወተት ከመሰለ ሲሎቹ ይቀየሩ።

ጀልባው ይንቀጠቀጣል

ክንፎቹን ያወዳድሩ። ከሞተሩ አካል ላይ አንድ ሽቦ አስረው ጫፉን ወደ ክንፉ ጠርዝ ያስጠጉና ማርሹን ፍሪ አድርገው (ከማርሽ አውጥተው) ፕሮፔለሩን በቀስታ ያዙሩ፤ ሁሉም ክንፍ በእኩል ርቀት ማለፍ አለበት። ትንሽ ሽርፍራፊ በሞረድ ይስተካከላል፤ የታጠፈውን ግን በመዶሻ አያቅኑ። ክንፎቹ ደህና ከሆኑ ፕሮፔለሩን አውጥተው በዚያው ሽቦ ዘንጉን ይፈትሹ። የተጣመመ ዘንግ አዲስ ሲልም ያበላሻል፣ ስለዚህ ሁለቱ አብረው ይቀየራሉ።

ማርሽ ሲገባ ይንኳኳል ወይም ራሱ ይወጣል

ማርሽ በፍርሃት፣ በዝግታ ማስገባት እንደ ጥንቃቄ ይቆጠራል፤ የሚጎዳው ግን እሱ ነው። ውስጥ የሚነካከሱት ጥርሶች በጫፋቸው እየተፋጩ ይከብባሉ፣ ኋላም ጋዝ ሲጨመር ይለቃሉ። ሞተሩ በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጥ በዝቅተኛው ዙር) እየሠራ በአንድ ቆራጥ እንቅስቃሴ ያስገቡ። ሚኒሞው ከፍ ብሎ ከሆነ ያስተካክሉ፣ የማርሹን ገመድ አቀማመጥም ይዩ። ከዚህ በኋላም የሚለቅ ከሆነ ማርሽ ቤቱ መከፈት አለበት።

ፕሮፔለሩን ሲመልሱ

የዘንጉን ጥርሶች ውሃ የማያጥበው ግሪስ ይቀቡ፤ ሳይቀባ የከረመ ፕሮፔለር ዝጎ ይጣበቃል። ከፕሮፔለሩ ፊት የሚገባው ወፍራም ሮንዴላ እንዳይረሳ፣ አቅጣጫውም እንዳይገለበጥ፤ ያለ እሱ ፕሮፔለሩ ወደ ማርሽ ቤቱ ተገፍቶ ይፈጨዋል። ዳዶውን በማኑዋሉ ልክ አጥብቀው አዲስ ኮፒሊያ ያስገቡ፣ እግሮቹንም ይጠፍፉ።