የብርድ ሰሞን ድስት፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ብርድ ሲበረታ የሚያምረው ምግብ በአንድ ድስት የሚያልቅ፣ ተጥዶ ለብቻው የሚሠራና ሲወጣ አንጀት የሚያርስ ነው፦ ሾርባ፣ መረቅ ያለው ሥጋ፣ ጥራጥሬ፣ የአጃ ገንፎ። እንዲህ ያለ ምግብ ብዙ ልፋት ስለሌለው የሚበላሽባቸው ቦታዎችም ጥቂት ናቸው። አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ከእሳቱ ልክ፣ ከሚገባው ነገር ቅደም ተከተል ወይም ምግቡ ከወረደ በኋላ ከሚቆይበት ሰዓት ነው። ከታች ያለውን ዓይናችሁ ካየው ምልክት ጀምራችሁ አንብቡት።

ሥጋው ሁለት ሰዓት ተጥዶም አልላመም

መጀመሪያ አንድ ቁራጭ አውጡና በሹካ ሳቡት። ሳይለያይ እንደ ጎማ ከተለጠጠ ገና አልበሰለም። በቀላሉ እየተተረተረ አፍ ውስጥ ግን ደረቅ ክር ከሆነ ችግሩ ሌላ ነው። ሁለቱም «ጠነከረ» ስለሚባሉ ብዙ ጊዜ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው ይሰጣል።

እንደ ጎማ የሚለጠጠው ውስጡ ያለው ኮላጅን ስላልሟሟ ነው። ኮላጅን የጡንቻን ክሮች አያይዞ የሚይዝ ጠንካራ ነገር ነው። ሥጋ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ጡንቻው ይኮማተርና ውሃውን ይጨምቃል፤ በመጀመሪያው ሰዓት እየጠነከረ የሚሄደው ለዚህ ነው። ኮላጅኑ ከ70 ዲግሪ ወዲያ ቀስ እያለ፣ ከ80 እስከ 95 ባለው ሙቀት ደግሞ ደህና አድርጎ ለስላሳ ወደሆነው ጀላቲን ይለወጣል፤ ያም ቢሆን ጊዜ ይፈልጋል። በ4 ሴንቲ ሜትር ልክ የተቆረጠ የበሬ ትከሻ፣ አንገት ወይም የቅልጥም ሥጋ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ይወስዳል። መፍትሄው ሥጋውን እስኪሸፍን ሙቅ ውሃ መጨመር፣ ክዳኑን መግጠም፣ በየ30 ደቂቃው በሹካ መሞከር ነው። በፕሬዠር ድስት ከሆነ 40 ደቂቃ ገደማ ይበቃል። እሳት ማብዛት አያፈጥነውም፤ ውሃው ከፈላ በኋላ ሙቀቱ ከዚያ አይጨምርም። ውሃው ላይ እዚህም እዚያም አረፋ ብቅ እያለ ሲንተከተክ ልኩ ያ ነው።

ደረቅ ክር የሆነው ወይ ጅማትና ስብ የሌለው ክፍል ነው፣ ወይ ከልክ በላይ ቆይቷል። የወጣውን ውሃ ወደ ሥጋው መመለስ አይቻልም፣ ምግቡን ግን ማዳን ይቻላል። ሥጋውን አውጥታችሁ በእጅ በቀጭኑ ተርትሩት፣ መረቁን ለብቻው አወፍሩ፣ ከዚያ አዋህዷቸው። ወፍራም መረቅ ክሩን ስለሚሸፍነው ድርቀቱ ብዙም አይታወቅም። ለሚቀጥለው፣ የዶሮ ደረት ሾርባ ውስጥ የምትጨምሩ ከሆነ በመጨረሻው 15 ደቂቃ ብቻ ይግባና ውስጡ 74 ዲግሪ ሲደርስ ይውጣ።

ቦሎቄው ወይም ሽምብራው አልበስል አለ

አስቀድማችሁ የምትጠይቁት ቲማቲም፣ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ መቼ እንደገባ ነው። ጥራጥሬን አጥብቆ የሚይዘው ፔክቲን በአሲድ ውስጥ አይሟሟም፤ ቲማቲሙ ከመጀመሪያው አብሮ ከገባ ሦስት ሰዓት ብታበስሉትም ልቡ ሊጠጥር ይችላል። አሲድ ያለው ነገር ሁሉ የሚገባው ፍሬው በሁለት ጣት መሃል ተጨፍልቆ ከፈረጠ በኋላ ነው።

ውሃውም ምክንያት ሊሆን ይችላል። የውሃ ማፍያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋገር ከሆነ ውሃው ካልሲየም ይበዛበታል፣ ካልሲየም ደግሞ ፔክቲኑን ያጠነክራል። ይህን ለማለዘብ ለ500 ግራም ደረቅ ጥራጥሬ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ውሃው ውስጥ ቢጨመር ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ፍሬውም ላቁጦ ይሆናል።

ጨው ጥራጥሬ ያጠነክራል የሚባለውን አትቀበሉ። በ1 ሊትር ውሃ 15 ግራም ጨው (ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ትንሽ ጎደል) በጥብጣችሁ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ብትዘፈዝፉት ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም የካልሲየሙን ቦታ ስለሚይዝ ቆዳው ይለሰልሳል። ያንን ውሃ ድፉ፣ ለቅልቁ፣ በአዲስ ውሃ ጣዱ።

ከፍ ያለ ቦታ ላይ የምታበስሉ ከሆነ ደግሞ ሰዓቱን አትመኑት። ከባህር ጠለል በየ300 ሜትሩ የውሃ መፍያ ነጥብ 1 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል፤ 2,400 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፈ «አንድ ሰዓት» እዚያ ላይ ብዙ ይጎድለዋል። ለእንዲህ ያለ ቦታ ከፕሬዠር ድስት የተሻለ መፍትሄ የለም፤ የተዘፈዘፈ ቦሎቄ ሙሉ ግፊት ከያዘ በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ካልበሰለ ፍሬው በጣም ያረጀ ነው። ሙሉ ፍሬ ሆኖ እንዲቀርብ አትጠብቁ፤ በፕሬዠር ድስት አብስላችሁ ፈጭታችሁ ሾርባ አድርጉት።

ስለ ቀይ ቦሎቄ አንድ የደህንነት ነገር አለ። ጥሬው ወይም ያልበሰለው ሆድ ክፉኛ የሚያውክ ሌክቲን አለው፤ ጥቂት ፍሬ እንኳ ለከባድ ማስመለስና ተቅማጥ ይበቃል። ቢያንስ 5 ሰዓት ተዘፍዝፎ ውሃው ከተደፋ በኋላ በአዲስ ውሃ 30 ደቂቃ በደንብ እየተንፈቀፈቀ መፍላት አለበት። በዝግታ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ብዙ ጊዜ እስከ መፍላት ስለማይደርስ ጥሬ ቀይ ቦሎቄ በቀጥታ አይግባበት፤ ሙቀቱ ሌክቲኑን ሳያጠፋ ፍሬውን ብቻ ሊያለሰልስ ይችላል። መጀመሪያ ምድጃ ላይ አፍሉት።

ሾርባው ውሃ ውሃ አለ

ውሃው በዝቶ ከሆነ ክዳኑን አንሱና ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይንተክተክ። ጨው ገና ካልተስተካከለ ይህ ጥሩ ነው፤ ተስተካክሎ ከሆነ ግን ውሃው ሲተን ጨዉ ይከማቻል።

ከሁሉ የሚሻለው ሾርባውን በራሱ ማወፈር ነው። ሁለት ጭልፋ ድንች፣ ምስር ወይም ቦሎቄ ከድስቱ አውጥታችሁ በሹካ ደፍጥጡና መልሱ። ምንም ባዕድ ነገር አይገባም፣ ጣዕሙም አይደበዝዝም። ድንቹን ግን በኤሌክትሪክ መፍጫ አትምቱት፤ ስለቱ ስታርቹን (ምግብ የሚያወፍረውን ነገር) ከየሴሉ አውጥቶ እንደ ሙጫ ያደርገዋል።

ሁለቱም ካልተመቸ የበቆሎ ስታርች አለ። ለግማሽ ሊትር ሾርባ 1 የሾርባ ማንኪያ ስታርች በ2 ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ፣ እያማሰላችሁ ጨምሩ፣ 1 ደቂቃ ይፍላ። ዱቄት ከሆነ እጥፍ ያስፈልጋል፣ የዱቄቱ ጥሬነት እንዲጠፋም 5 ደቂቃ ይቆይ። ደረቁን በቀጥታ የሚፈላ ሾርባ ላይ ከበተናችሁት ውጪው ወዲያው ይበስልና ውስጡን ደረቅ አድርጎ ይዘጋበታል፤ መጓጎል ማለት ይኸው ነው። የጓጎለውን ማማሰል አይፈታውም፣ በወንፊት አጥልሉት። ወፍሮ የነበረው በኋላ ከቀጠነ ደግሞ ስታርቹ ብዙ ፈልቷል ወይም አሲድ ነክቶታል፤ ስታርችን መጨረሻ ላይ የምናስገባው ለዚህ ነው።

ስሩ አረረ

እጃችሁ ወደ ማማሰያው እንዳይሄድ። ያረረው ስሩ ላይ ተጣብቆ እስካለ ድረስ ሌላው ይድናል፤ ሲፋቅ ግን ሽታው በሙሉ ይሰራጫል። እሳቱን አጥፉ፣ ከላይ ያለውን በጭልፋ እየቀዳችሁ ወደ ሌላ ድስት አዛውሩ፣ ስሩ መያዝ ሲጀምር አቁሙ። ከዚያ ቅመሱ። የጭስ ጣዕም ከገባበት በቅመም አይሸፈንም፤ ቅመም መጨመር ቅመሙንም ማባከን ነው።

ምክንያቱ ስታርች ነው። ምስር፣ ድንች፣ አጃና ዱቄት ስታርቻቸው ወደ ታች ይዘቅጥና በስስ ድስት ላይ ይጋገራል። ወፍራም ምግብ እንደ ቀጭን መረቅ ራሱን በራሱ አይገለብጥም፤ ስለዚህ ከወፈረ በኋላ እሳቱ ዝቅ ይበል፣ በየ5 ደቂቃውም ስሩ ድረስ ይማሰል።

ድስቱን ለማጽዳት 2 ሴንቲ ሜትር ውሃና 1 የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ አድርጋችሁ 10 ደቂቃ አፍሉና አሳድሩት። አልሙኒየም ከሆነ ሶዳው ያጠቁረዋል፤ በንጹህ ውሃ ብቻ አፍሉት።

ጨው በዛ

ድንች ቢከተት ጨዉን ይመጥጣል ይባላል። ድንቹ የሚመጥጠው ጨዋማውን ውሃ እንዳለ ስለሆነ የቀረው መረቅ ያው ጨዋማ ነው። የሚሠራው ማቅጠን ብቻ ነው። ለብዙ ሰው የሚስማማው በ1 ሊትር ሾርባ ከ8 እስከ 10 ግራም ጨው ነው። 1 ሊትር ሾርባ ላይ 15 ግራም ከገባ፣ ወደ 10 ለመመለስ ግማሽ ሊትር ጨው የሌለው ውሃ ያስፈልጋል ማለት ነው። ውሃው ካቀጠነው ጨው የሌለው የተቀቀለ ድንች ወይም ምስር ደፍጥጣችሁ ጨምሩ። ጨዉ በጥቂቱ ብቻ ካለፈ ጥቂት የሎሚ ጠብታ ወይም ክሬም ምላስ ላይ ያለዝበዋል።

ብዙ ጊዜ ጨው የሚበዛው በትነት ነው። ለ2 ሊትር ልክ የነበረ 18 ግራም ጨው፣ ሾርባው ወደ 1.5 ሊትር ሲወርድ በሊትር 12 ግራም ይሆናል። ግማሹን መጀመሪያ፣ ቀሪውን ከመውረዱ በፊት ቀምሳችሁ ጨምሩ።

ሁሉም ነገር ገብቶበት ጣዕም የለውም

በሁለት ሲኒ ጥቂት ጥቂት ቅዱ። አንዱ ላይ ቆንጠር አድርጋችሁ ጨው፣ ሌላው ላይ ሁለት ጠብታ ሎሚ ጨምሩና ቅመሱ። የነቃው የጎደለውን ይነግራችኋል፤ ድስቱን በሙሉ ለሙከራ አትስጡ። ሁለቱም ካልነኩት ጥፋቱ መጀመሪያ ላይ ነው፦ ሽንኩርቱ ሳይቁላላ ውሃ ተደፍቶበታል፣ ወይም ሥጋው ሳይጠበስ ተቀቅሏል። ያን ጥሩ ሽታ የሚያመጣው የመጥበስ ለውጥ ደህና የሚሄደው ከ140 ዲግሪ በላይ ስለሆነ እርጥብ ነገር ላይ አይሆንም። ሥጋውን በጨርቅ አድርቁ፣ ድስቱን ሳታጨናንቁ በሁለት ዙር ጥበሱ፣ ስሩ ላይ የያዘውን ቡናማ ነገር በጥቂት ውሃ አስለቅቁት። ለዛሬው ግን አንድ ሽንኩርት በሌላ መጥበሻ በዘይት 10 ደቂቃ አቁላልታችሁ፣ በመጨረሻው 30 ሴኮንድ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት ጨምራችሁ ከላይ ድፉበት። ነጭ ሽንኩርቱ ከጠቆረ ይመርራል።

ወተቱ ተቋጠረ፣ ድንቹ ፈረሰ፣ ፓስታው ሾርባውን ጠጣ

ወተት የሚቋጠረው አሲድና ከፍተኛ ሙቀት ሲገናኙበት ነው። ቢበላ አይጎዳም፤ መፍጫ ውስጥ ቢገባ መልኩ ይስተካከላል። ሌላ ጊዜ እሳቱን አጥፉ፣ ወተቱን በአንድ ጭልፋ ሙቅ ሾርባ አለዝቡና አዋህዱ፣ ዳግም አይፍላ። ስቡ የበዛ ክሬም ሙቀቱን ይበልጥ ይችላል።

ድንች በ3 ሴንቲ ሜትር ልክ ተቆርጦ በመጨረሻው 20 ደቂቃ ይግባ። ፓስታና ሩዝ ለብቻቸው ተቀቅለው ሳህን ላይ ይገናኙ፤ ድስት ውስጥ ካደሩ ያለውን መረቅ ሁሉ ይጠጣሉ።

የአጃ ገንፎው ገነፈለ ወይም ደረቀ

ለ1 ስኒ የተዳመጠ አጃ 2 ስኒ ውሃ ወይም ወተት፣ ቆንጠር ጨው፣ ቁመቱ ከሚገባው ነገር እጥፍ የሆነ ድስት። ሲቆም መወፈሩን ስለሚቀጥል ትንሽ ቀጠን ብሎ ይውረድ።

ያደረው ምግብ ሸተተ፣ ወይም ሳይሸት ሆድ አመመ

በብርድ ሰሞን «ቤቱ ራሱ ማቀዝቀዣ ነው» እየተባለ ድስት ምድጃ ላይ ይታደራል። ባክቴሪያ በፍጥነት የሚራባው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ነው፤ እናንተን የሚያንቀጠቅጥ 15 ዲግሪ ለእሱ ምቹ ነው። ወፍራም ምግብ የሞላው ድስት ደግሞ መሃሉ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል። ማብሰል የማይገድላቸው ስፖሮች (የተኙ የባክቴሪያ ዘሮች) ሩዝ፣ ሥጋና ጥራጥሬ ውስጥ አሉ፤ ለብ ሲል ይነቃሉ። በሩዝ ላይ አንዳንዶቹ የሚያመነጩት መርዝ እንደገና ቢፈላም አይጠፋም፣ ሽታም የለውም።

ከወረደ በ2 ሰዓት ውስጥ ወደ ማቀዝቀዣ ይግባ። በፍጥነት እንዲበርድ ከ5 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት በሰፋፊ ዕቃ አከፋፍሉት፣ ወይም ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቁማችሁ አማስሉት። በ3 ወይም በ4 ቀን ይለቅ፤ የማይደርስበት ወደ ፍሪዘር። ስታሞቁ የምትበሉትን ያህል ብቻ ቀድታችሁ ውስጡ 75 ዲግሪ እስኪደርስ አሙቁ። በማግስቱ ላዩ ላይ የረጋውን ስብ ከማሞቃችሁ በፊት በማንኪያ አንሱት፤ ትኩስ እያለ ሊወጣ ያልቻለ ቅባት በዚያን ሰዓት እንደ ክዳን ይነሳል።