ዲጂታል ጠረጴዛ፦ ከሐዋሳ ሆኖ የሚና ጨዋታን በርቀት ማጫወት

የሚና ጨዋታ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ፣ የጨዋታ መሪው የሚተርከውን ታሪክ አብሮ የሚጫወትበት ጨዋታ ነው። በርቀት ሲደረግ የሚሄደው ከቡድኑ ሁሉ ደካማ መስመር ባለው ሰው ፍጥነት ነው። አንዱ ፒያሳ በቤት ዋይፋይ፣ አንዷ ዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ዶርም ውስጥ በስልክ ዳታ፣ ሌላው አዳማ በአሮጌ ላፕቶፕ፣ አራተኛዋ ዋሽንግተን ሆነው ሲገናኙ፣ የሚመረጠውን መሣሪያ የሚወስነው የዶርሟ ልጅ ስልክ እንጂ የጨዋታ መሪው ኮምፒውተር አይደለም። ይህን የዘነጋ መሪ ሳምንቱን ሙሉ ካርታ ሲያሳምር ይከርምና ቅዳሜ ማታ ግማሹ ቡድን ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጦ ያመሻል።

ስለዚህ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ የምትገቡት በስልክ ነው በኮምፒውተር? በዋይፋይ ነው በዳታ ፓኬጅ? መብራት ቢጠፋ ምን መጠባበቂያ አላችሁ? መልሱን ጽፋችሁ ያዙት፤ ቀጥሎ ያለው ምርጫ ሁሉ የሚወጣው ከዚያ ነው።

መሣሪያውን መምረጥ

ዲጂታል ጠረጴዛ፣ ተጫዋቾች ቪቲቲ የሚሉት፣ ካርታውን፣ ቶክኖቹን (ገጸ ባሕርያቱንና ጠላቶቹን የሚወክሉትን ትናንሽ ምስሎች) እና ዳይሱን (ዕድል ለመሞከር የሚጣለውን ባለ ቁጥር መጣያ) ሁሉም ሰው በየስክሪኑ በአንድ ጊዜ እንዲያይ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። ጨዋታውን የሚመራው ግን ያው ሰው ነው። ለጀማሪ ቡድን ሦስቱን ማወቅ ይበቃል።

አውልቤር ሮዲዮ ከሁሉም ቀላሉ ነው። በብሮውዘር ይከፈታል፣ መሪው ብቻ አካውንት ያወጣል፣ ሌሎቹ በተላከላቸው ሊንክ ይገባሉ፤ በስልክም በጣት ይሠራል። የገጸ ባሕርይ ቅጽና የደንብ መጻሕፍት አብረውት አይመጡም። በቡድኑ ውስጥ በስልክ የሚገባ አንድም ሰው ካለ ከዚህ ጀምሩ።

ሮል20 ከ2012 ጀምሮ ያለ ነው። እሱም በብሮውዘር ይሠራል፣ ነፃው አካውንት 100 ሜጋባይት ማስቀመጫ ይሰጣል፣ ቅጹ ላይ ያለውን ቁልፍ ስትጫኑ ዳይሱን ጥሎ ሒሳቡን ራሱ ይደምራል። የተሠራው ለኮምፒውተር ስክሪን ስለሆነ በስልክ ካርታውን ማንቀሳቀስ ያደክማል።

ፋውንድሪ በ2020 የወጣ ሲሆን ከሦስቱ ብዙ ነገር የሚችለው እሱ ነው። የሚከፍለው መሪው ብቻ ነው፤ አንድ ጊዜ ከፍሎ ይጨርሳል። ሆኖም ክፍያው በዶላር ስለሆነ ለውጭ ግዢ የተፈቀደ ካርድ ያስፈልጋል። ከዚያ የሚበልጠው ችግር ደግሞ ሰርቨሩ፣ ማለትም ሁሉም የሚገናኙበት ማሽን፣ የመሪው የራሱ ኮምፒውተር መሆኑ ነው። ወደ እሱ ኋላ እንመለሳለን።

ካርታውን ማሰናዳት

ብዙው ብልሽት የሚመጣው ከዚህ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ ሥሩት።

የውጊያ ካርታ በእኩል ሳጥኖች የተከፋፈለ ነው። በታዋቂው የሚና ጨዋታ በደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ደንብ አንድ ሳጥን 5 ጫማ፣ ወደ 1.5 ሜትር ገደማ ነው። 25 በ25 ሳጥን ያለው ካርታ እንግዲህ 37 ሜትር ተኩል በ37 ሜትር ተኩል ይሸፍናል። አሞራ ገደል ዳር ያለውን የዓሣ ገበያ፣ የታሰሩትን ጀልባዎችና ሁለት ሦስት ዛፍ ለመያዝ ይበቃል። ሐይቁን ከታቦር ተራራ ጋር አንድ ላይ ለማስገባት አትሞክሩ። ለጉዞ ሳጥን የሌለው ሌላ ካርታ ሥሩ፤ የሳጥኑ ካርታ ለውጊያ ብቻ ይሁን።

ቀጥሎ የምስሉ ስፋት ነው። ሮል20 አንድን ሳጥን በ70 ፒክሰል ይቆጥራል፤ 25 ሲባዛ በ70 ደግሞ 1750 ነው። ስለዚህ ምስሉን 1750 በ1750 አድርጋችሁ አውጡ። ቀረብ ብሎ ሲታይ እንዳይደበዝዝ የሚፈልግ እጥፉን፣ 3500 በ3500 ማድረግ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ግን አትሂዱ። ምክንያቱ የፋይሉ ክብደት ብቻ አይደለም። ፋይሉ ቢጨመቅም ምስሉ ስክሪን ላይ ሲከፈት እያንዳንዱ ፒክሰል 4 ባይት ሜሞሪ ይይዛል። 3500 በ3500 ሲሆን 49 ሜጋባይት፣ 8000 በ8000 ሲሆን 256 ሜጋባይት ይሆናል። በዚያ ላይ ብዙ ስልኮች ጎኑ ከ4096 ፒክሰል የሚበልጥ ምስል በአንድ ጊዜ መሳል አይችሉም። «ፋይሉ እኮ 2 ሜጋ ብቻ ነው፣ ለምን ይዘጋባታል?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው።

ፋይሉን ስታስቀምጡ ዌብፒ ወይም ጄፔግ ምረጡ፤ ጥራቱን 80 ላይ አድርጉት። በቀለም የተሞላ ካርታ በፒኤንጂ ሲቀመጥ ከ10 ሜጋባይት ሊያልፍ ይችላል፤ ያው 1750 በ1750 ካርታ በዌብፒ ብዙ ጊዜ ከ1 ሜጋባይት በታች ይወርዳል። ፒኤንጂን ዳራቸው ባዶ መሆን ላለባቸው ቶክኖች ተዉት። ለቶክን 140 በ140 ፒክሰል ለሰው፣ 280 በ280 ለትልቅ ፍጥረት ይበቃል። ከሐይቁ የሚወጣ ጉማሬ የሚይዘው 2 በ2 ሳጥን ነው፤ እንደ ሰው 1 ሳጥን ላይ ካስቀመጣችሁት ማን ከማን አጠገብ እንዳለ ሒሳቡ ይፋለሳል። ለመቁረጥና ለመጭመቅ ጊምፕ በነፃ ይገኛል።

የአማርኛ ጽሑፍ ጉዳይ ለብቻው ይታይ። የቦታ ስሞችን በዲጂታል ጠረጴዛው የጽሑፍ መሣሪያ ብትጽፉ፣ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ባዶ ሳጥን ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። ስሞቹን ካርታው ላይ ገና በጊምፕ ሳላችሁ አብራችሁ ጻፉ፤ የምስሉ አካል ሲሆኑ ለሁሉም እኩል ይታያሉ። ለገጸ ባሕርያቱ የሚላክ ደብዳቤ ወይም የድሮ ጽሑፍም እንዲሁ በምስል ቢላክ ይሻላል። ፋውንድሪ ላይ ግን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰለ ፎንት ጨዋታው ውስጥ መጫን ይቻላል።

ሮል20 ላይ ደረጃ በደረጃ

1. አዲስ ጨዋታ ፍጠሩ፣ ስም ስጡት፣ ክፈቱት። የግብዣ ሊንኩን ገልብጣችሁ በቴሌግራም ግሩፓችሁ ላኩ።

2. የገጹን ስፋት 25 በ25 አድርጉ።

3. ምስሉን ከመጫናችሁ በፊት የካርታውን ሌየር (ገጹ ላይ አንዱ በሌላው ላይ ከሚነባበሩት ንጣፎች አንዱን) ምረጡ። ይህን ዘላችሁ ምስሉን በቶክኖቹ ሌየር ላይ ከጣላችሁት፣ ቶክን ለመጎተት በሞከራችሁ ቁጥር ካርታው ራሱ ተነሥቶ ይሄዳል።

4. ምስሉን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ መጠኑን በቁጥር 25 በ25 ብላችሁ አስገቡ። በእጅ እየጎተቱ ማስተካከል መጀመሪያ የገጠመ ይመስላል፤ ካርታው ጠርዝ ላይ ስትደርሱ ግን መስመሩ ግማሽ ሳጥን ያህል ይዛነፋል።

5. ወደ ቶክኖቹ ሌየር ተመለሱና ቶክኖቹን አስቀምጡ። የእያንዳንዱን ቅንብር ከፍታችሁ የትኛውን ገጸ ባሕርይ እንደሚወክል ምረጡ፤ ያንን ገጸ ባሕርይ ማን እንደሚቆጣጠረውም ምልክት አድርጉ። በመጀመሪያው ምሽት «ቶክኔ አልነቃነቅ አለኝ» የሚባለው ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል መልኩ ይህ ስለተረሳ ነው።

6. የተደበቀውን ጠላት የመሪው ብቻ በሆነው ሌየር ላይ አስቀምጡ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ወደ ቶክኖቹ ሌየር ታወጡታላችሁ።

7. የተጫዋቾቹን ምልክት ወደምትፈልጉት ገጽ ውሰዱ። እናንተ ያላችሁበት ገጽና ተጫዋቾቹ የሚያዩት ገጽ የተለያየ ሊሆን ይችላል።

በአውልቤር ከዚህ አብዛኛው የለም፦ ክፍል ፍጠሩ፣ ካርታውን ጫኑ፣ የሳጥኑን መስመር አስተካክሉ፣ ሊንኩን ላኩ።

ጭጋግና ዳይስ

ያልታየውን የካርታ ክፍል በጭጋግ ሸፍናችሁ፣ ተጫዋቾቹ በሩን ሲከፍቱ በእጃችሁ ግለጡት። እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ በችቦው ርቀት ልክ ብቻ እንዲያይ የሚያደርገው ተንቀሳቃሽ ብርሃን ያምራል፤ ሮል20 ላይ ግን ግድግዳ በግድግዳ መሳል ይጠይቃል፣ ደካማ ላፕቶፕንም ያንቀራፍፋል። በእጅ የሚገለጥ ጭጋግ ለዓመታት ጨዋታ ይበቃል፤ መሪውም ታሪኩን እየተረከ ካርታውን የመግለጥ ደስታ ይኖረዋል።

በሮል20 ቻት ዳይስ ለመጣል ስላሽ፣ የእንግሊዝኛው አር ፊደል፣ ክፍተት፣ ከዚያ 1፣ የእንግሊዝኛው ዲ፣ 20 ትጽፋላችሁ (ባለ 20 ጎን አንድ ዳይስ ማለት ነው)፤ ተጨማሪ ነጥብ ካለ የመደመር ምልክትና ቁጥሩ ይከተላል። ትእዛዙ አልሠራ ሲል ኪቦርዱን ተመልከቱ። ወሬው በአማርኛ ስለሆነ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንደቆየ «ድ» ተጽፎ ይሆናል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ የሚያውቀው የእንግሊዝኛውን ዲ ብቻ ነው። በቅጹ ላይ ያለውን ቁልፍ መጫን ከዚህ ሁሉ ይገላግላል።

ደንቡን በተመለከተ፣ የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ መሠረታዊ የደንብ ሰነድ፣ ኤስአርዲ 5.1፣ በጃንዋሪ 2023 በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ በነፃ ተለቋል። ምንጩን እስከጠቀሳችሁ ድረስ ወደ አማርኛ ተርጉማችሁ ለቡድናችሁ ማደል ትችላላችሁ። የድግምቶችና የጦር መሣሪያዎች ዝርዝር በአማርኛ ሲቀርብ እንግሊዝኛ የሚከብደው ተጫዋች ጨዋታው ውስጥ ቶሎ ይገባል፤ ይህ የሚለፋበት ሥራ ነው።

ድምፅ

ካርታው ቢጠፋ ጨዋታው ይቀጥላል፣ ድምፁ ከተቆራረጠ ግን አበቃ። ስለዚህ ድምፁን ከዲጂታል ጠረጴዛው ለዩት፤ በዲስኮርድ ወይም በቴሌግራም ግሩፕ የድምፅ ውይይት አድርጉት።

የዲስኮርድ ድምፅ ሲጀመር በሰከንድ 64 ኪሎቢት ነው። አንድ ሰው ሳያቋርጥ ቢናገር በሰዓት ወደ 29 ሜጋባይት ይሆናል። ሰው በየተራው ስለሚናገር የአራት ሰዓት ጨዋታ ከ115 ሜጋባይት ብዙ አይርቅም። የድምፅ ቻናሉን ቅንብር ከፍታችሁ ወደ 32 ብታወርዱት በግማሽ ይቀንሳል፣ ለንግግርም በቂ ነው። ቪዲዮ ዝጉ፤ የአንድ ሰው ምስል ብቻ ከሁሉም ድምፅ በብዙ እጥፍ ይበላል።

ሁሉም ኢርፎን ያድርግ። ሁለት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ በስፒከር ከገባ ድምፁ እየተመላለሰ ይጮኻል። ጄኔሬተር የሚሠራበት ወይም ቤተሰብ የሚጫወትበት ቤት ያለ ሰው ቁልፍ ተጭኖ የመናገር ዘዴውን ይምረጥ።

ፋውንድሪን ከቤት ማስተናገድ

ተጫዋቾቹ ካርታውን የሚያወርዱት ከእናንተ ኮምፒውተር ስለሆነ ወሳኙ የመላኪያ ፍጥነታችሁ ነው። 5 ሜጋባይት ካርታ ለአምስት ሰው 25 ሜጋባይት ነው፤ የመላኪያ ፍጥነታችሁ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ከሆነ 100 ሰከንድ ይፈጃል፣ በዚያው ጊዜ ድምፃችሁም ይቆራረጣል። ያው ካርታ 1 ሜጋባይት ቢሆን በ20 ሰከንድ ያልቃል።

ፋውንድሪ የሚጠቀመው 30000 ቁጥር ፖርትን (ኮምፒውተሩ ከውጭ ግንኙነት የሚቀበልበትን ባለ ቁጥር በር) ነው፤ ራውተሩ ይህን ፖርት ወደ ኮምፒውተራችሁ እንዲያሳልፍ ማድረግ አለባችሁ፣ የዊንዶውስ ፋየርዎልም መፍቀድ አለበት። ያንን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ሰው መግባት ካልቻለ ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ የውጭ አድራሻውን ተመልከቱ፣ ከዚያ «የእኔ አይፒ» ብላችሁ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ። ሁለቱ ቁጥሮች ከተለያዩ፣ ወይም የራውተሩ አድራሻ በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ቁጥር ከጀመረ፣ አንድ አድራሻ ከብዙ ደንበኞች ጋር ትጋራላችሁ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ፖርት መክፈት ምንም አይፈይድም፤ በስልክ ሆትስፖት ስታስተናግዱም የሚገጥማችሁ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። መፍትሔው እንደ ክላውድፍሌር ታነል ያለ መተላለፊያ መጠቀም ወይም ከቡድኑ ጥሩ መስመር ያለው ሰው፣ ለምሳሌ ዋሽንግተን ያለችው፣ እንድታስተናግድ ማድረግ ነው።

ሰዓትና መብራት

«ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት» ስትሉ ውጭ ላለ ሰው 20:00 ብላችሁም ጻፉ። የእኛ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አይቀየርም፤ የአሜሪካው ግን ይቀየራል። ከምሽቱ 2 ሰዓታችን ለዋሽንግተን በበጋቸው 13:00፣ በክረምታቸው 12:00 ነው። በእኛ አቆጣጠር ለውጡ የሚወድቀው መጋቢት መግቢያ ገደማና ጥቅምት መገባደጃ ላይ ስለሆነ በእነዚያ ሳምንታት ደግማችሁ አስታውሱ።

ለመብራት መጥፋት ራውተሩን በፓወር ባንክ ማቆየት ይቻላል። ከ5 ወደ 12 ቮልት የሚያሳድግ ገመድ ያስፈልጋል። ከመግዛታችሁ በፊት ራውተሩ ሥር ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ 9 ቮልት የሚፈልጉም አሉ፣ 12 ቢሰጣቸው ሊቃጠሉ ይችላሉ። 12 ቮልት 1 አምፔር የሚል ራውተር ቢበዛ 12 ዋት ይወስዳል። 20,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚል ፓወር ባንክ የሚይዘው 74 ዋት ሰዓት ነው፤ በመቀየር የሚባክነው ሲቀነስ 50 ገደማ ይቀራል፣ ይህም ለ4 ሰዓት ያህል ያቆያል። በፋይበር የምትጠቀሙ ከሆነ ግድግዳው ላይ ያለችው ሳጥንም መብራት ትፈልጋለች።

ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ባለው ቀን የ20 ደቂቃ ሙከራ አድርጉ። እያንዳንዱ ሰው በዋናው ቀን በሚጠቀምበት መሣሪያና መስመር ይግባ፣ ቶክኑን ሦስት ሳጥን ያንቀሳቅስ፣ አንድ ጊዜ ዳይስ ይጣል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር። ካርታው በ30 ሰከንድ ውስጥ ያልተከፈተለት ሰው ካለ ምስሉን በግማሽ አሳንሱና እንደገና ሞክሩ። በጨዋታው መሐል መስመር ለሚቋረጥበት ሰው ደግሞ ከወዲሁ ተስማሙ፦ 5 ደቂቃ ይጠበቃል፣ ከዚያ እሱ የመረጠው ጓደኛው ቶክኑን ይዞለት ይቀጥላል፤ ሲመለስ ተራውን ይረከባል።