«እኔም ልጫወት?»ን ለልጄ በቪዲዮ ያስተማርኩበት መንገድ

ልጁ አይቶ እንዲደግመው ሌላ ሰው ሲያደርገው የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ መቅረጽ ነው። አንድ ቪዲዮ፣ አንድ ነገር። እኔ ኦቲዝም ላለበት ልጄ የመረጥኩት ወደሚጫወቱ ልጆች ቀርቦ «እኔም ልጫወት?» ማለትን ነው። ሰላምታውንም ተራ መጠበቁንም እዚያው አትጨምሩ።

ተዋናይዋ ታላቅ እህቱ ናት። ቀረበች፣ ጠየቀች፣ ኳሱ ተወረወረላት። አለቀ። ከ1 ደቂቃ በታች ይበቃል። ስልኩን አስደግፉት። ቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ ከጀርባ ያለውን ኮተት አንሱ፤ የኔ ልጅ ማራገቢያ ከተሽከረከረ ሰው አያይም። ሌላው ልጅ «እሺ!» ብሎ ሲስቅ ግን በደንብ ይታይ። የሚያጓጓው እሱ ነው።

ልክ ከጨዋታው በፊት አሳዩት፤ ወዲያው በዚያው ኳስ ይሞክር። ማታ አሳይቶ ጠዋት መጠበቅ ብዙም አያስኬድም። «ዓይኔን እየኝ» እያሉ ማስጨነቅ ደግሞ ለምን? የማይናገር ልጅ ከሆነ በእጁ ቢጠቁምም መጠየቅ ነው፤ ቪዲዮውንም እንደዚያው ቅረጹት።

ትንሽ ሲለምደው ራሱን ቅረጹት። «በል ጠይቅ» የሚለውን የእናንተን ድምፅ ቆርጣችሁ አውጡ፤ ብቻውን ሲያደርገው ያያል። ቀጥሎ ሌላ ልጅ፣ ሌላ ጨዋታ፤ ቪዲዮውን ማሳየቱን እየቀነሳችሁ።

«አይ፣ በኋላ» የሚል ልጅም አይጠፋም። ለሱ ሌላ ቪዲዮ ሥሩ፦ እህቱ «እሺ» ብላ ወደ ሌላ ጨዋታ ስትሄድ።