ቀን ቀን እንቅልፍ የሚያስቸግረው ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ሌሊቱን 8 ሰዓት ሙሉ ተኝቶ አድሮ ረፋድ ላይ ስብሰባ መሃል የሚያንጎላጅ ሰው አይጠፋም። "እንቅልፋም" የሚል ስም ይወጣለታል። ይሳቅበታል፣ እሱም አብሮ ይስቃል። ሐኪም ጋ መሄድ ግን ለማንም ትዝ አይልም።

"ስንፍና ነው" ብሎ መዝጋት። ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ቀን ቀን ሳይታሰብ እንቅልፍ የሚጥለውን፣ ናርኮሌፕሲ የሚባለውን በሽታ እንውሰድ። አንጎላችን ውስጥ ነቅተን እንድንቆይ የሚያደርግ ኦሬክሲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ተመራማሪዎች ያገኙት በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። በአንደኛው የናርኮሌፕሲ ዓይነት ይህን ንጥረ ነገር የሚያመርቱት ሴሎች አብዛኞቹ ጠፍተዋል። እንዲህ የሆነን ሰው "ጠንከር በል እንጂ" ቢሉት ጥንካሬውን ከየት ያመጣዋል? በሽታው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በጉርምስናና በወጣትነት ነው። ክፍል ውስጥ የተኛ ልጅ ከሐኪም ይልቅ ወደ ርዕሰ መምህር ቢሮ በሚላክበት ዕድሜ ማለት ነው።

"ይደክመኛል" ብቻ ብሎ መመለስ። ድካምና እንቅልፍ ይለያያሉ። የደከመው ሰው ጋደም ቢልም እንቅልፍ ላይወስደው ይችላል። እንቅልፍ የሚያስቸግረው ሰው ግን ዝም ብሎ ከተቀመጠ ጭልጥ ይላል። ሐኪሙ "ይደክመኛል" ሲሉት የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ ያዝዛል። ምርመራው ጥሩ ነው፤ ውጤቱ ደህና ከሆነ ግን ነገሩ እዚያው ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ምን እየሠሩ ሳለ እንቅልፍ እንደወሰደዎት ይንገሩት። "የትራፊክ መብራት ላይ ቆሜ አሸለበኝ" የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ይናገራል። ኤፕዎርዝ የሚባለው መጠይቅም የሚያየው ይህንኑ ነው። ሲያነቡ፣ ቴሌቪዥን ሲያዩ፣ ከሰው ጋር ቁጭ ብለው ሲያወሩ፣ እንዲህ እያለ 8 ሁኔታዎችን ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል። ድምሩ ከ10 ካለፈ መመርመር ያስፈልጋል።

ማንኮራፋትን የጥሩ እንቅልፍ ምልክት ማድረግ። ከማንኮራፋቱ ጀርባ ስሊፕ አፕኒያ የሚባል በሽታ ሊኖር ይችላል። ይህ ያለበት ሰው ተኝቶ ሳለ የአየር መተላለፊያው ይዘጋል። ለ10 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ትንፋሹ ይቆማል፣ ከዚያ አንጎሉ ለቅጽበት ይነቃል። በከባድ ደረጃ ይህ በሰዓት 30 ጊዜና ከዚያም በላይ ይደጋገማል። ጠዋት ግን ምንም አያስታውስም፤ "እንደ ድንጋይ ነው የተኛሁት" ይላል። አጠገቡ የሚተኛውን ሰው ጠይቁ። አፕኒያ ቀጫጭን ሰዎችንም ይይዛል። ሲፓፕ የተባለው፣ በጭንብል አየር እየገፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ የሚያደርገው መሣሪያ ብዙ ሰው ረድቷል።

በቡና መግፋት። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። የአመሻሹ ቡና ሌሊቱን ያበላሻል፣ የተበላሸው ሌሊት ደግሞ ነገ ሌላ ቡና ያስጠጣል።

የሚያሳፍረውን ምልክት መደበቅ። አንዳንዱ ሰው ከልቡ ሲስቅ ጉልበቱ ይከዳዋል። አገጩ ይወርዳል፣ የያዘው ብርጭቆ ከእጁ ያመልጠዋል፤ አንዳንዴም ዘጭ ብሎ ይወድቃል። ራሱን ግን አይስትም፣ የሚባለውን ሁሉ ይሰማል። ይህ ካታፕሌክሲ ይባላል፤ ናርኮሌፕሲን ከሚያመለክቱ ነገሮች ዋነኛው ነው። ብዙ ሰው ግን የሚጥል በሽታ ነው ይሉኛል ብሎ ይደብቀዋል። ዱካክም እንዲሁ። ዱካክ ብቻውን ጤነኛ ሰውንም ይጫናል፤ ከቀን እንቅልፍ ጋር ሲደጋገም ግን ሐኪሙ ማወቅ አለበት።

ሸለብታ ለሁሉም ያው ነው ብሎ ማሰብ። ናርኮሌፕሲ ያለበት ሰው በፕሮግራም 15 ወይም 20 ደቂቃ ሸለብ ቢያደርግ ብዙ ጊዜ ይታደሳል። ኢዲዮፓቲክ ሃይፐርሶምኒያ የሚባለው ችግር ያለበት ግን ሁለት ሰዓት ተኝቶም ጭንቅላቱ እንደከበደው ይነሳል። ሦስት አላርም እያጠፋ የሚተኛው ሰው ይህ ችግር ሊኖርበት ይችላል። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ምክር መስጠት አያስኬድም።

ሳይዘጋጁ ለምርመራ መሄድ። የእንቅልፍ ምርመራ ሲታዘዝ ሌሊት ተኝተው ይለካሉ። በማግስቱ ደግሞ በየ2 ሰዓቱ 4 ወይም 5 ጊዜ እንዲተኙ ይደረጋል። በአማካይ በ8 ደቂቃ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ እንቅልፍ ከወሰደዎት ውጤቱ ከጤናማው ውጪ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሲያመሹ ከከረሙ ግን ውጤቱ አይታመንም። ቀድመው ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት የተኙበትንና የተነሱበትን ሰዓት ይመዝግቡ። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይናገሩ፤ የአለርጂና የጉንፋን መድኃኒትም እንቅልፍ ያመጣል። በራስዎ ውሳኔ ግን ምንም አያቋርጡ። ፀረ ድብርት መድኃኒት በድንገት ሲቆም ካታፕሌክሲ ሊብስ ይችላል።

መድኃኒቱን ከጓደኛ መዋስ። ለናርኮሌፕሲ የሚታዘዘውን ሞዳፊኒል የተባለ መድኃኒት ያነቃል ተብሎ እንደ ከረሜላ የሚቀባበሉት ሰዎች አሉ። የወሊድ መከላከያ እንክብልን እንደሚያዳክም ግን ስንቱ ያውቃል? አፕኒያውን ሳያክሙ ማነቃቂያ መዋጥም ትንፋሽ መቆሙን አያስቀረውም።

መሪ ይዞ ከእንቅልፍ ጋር መታገል። መስኮት መክፈት፣ ሬዲዮ ማስጮህ፣ ፊት ላይ ውኃ መርጨት፣ ሁሉም ቢበዛ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚያዘልቁት። ያለፉትን የመጨረሻ ኪሎ ሜትር ካላስታወሱ አሸልቦዎታል ማለት ሊሆን ይችላል። አደጋ የማያመጣ ቦታ ፈልገው ያቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ 20 ደቂቃ ይተኙ። ሲነቁም ወዲያው አይነሱ፤ ጭጋጉ እስኪለቅዎት ትንሽ ይቆዩ። ይህ በሳምንት ውስጥ ከተደጋገመ ሐኪም እስኪያይዎት ድረስ ቁልፉን ለሌላ ሰው ይስጡ።