በጋራዥ ለሚሠራ ትራክተር ካምቢዮና ዲፈረንሻል አመራረጥ

በጅማ ዙሪያ ያለውን ቀይ ሸክላማ መሬት የሚያርስ ትራክተር በጋራዥ ለመሥራት የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ሞተሩ ጉልበት ነው። ይሁን እንጂ ትራክተሩ ማረሱንና አለማረሱን ይበልጥ የሚወስነው በሞተሩና በጎማው መካከል ያለው ክፍል ነው። ለእርሻ የሚመቸው ፍጥነት በሰዓት ከ4 እስከ 6 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ የመኪና ካምቢዮ (ማርሽ የሚቀየርበት የጥርሶች ሳጥን) እና ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ክፍል) ለመንገድ የተሠሩ ስለሆኑ እንዳሉ ቢገጠሙ በ1ኛ ማርሽ እንኳ ከዚህ በላይ ይሮጣሉ።

ስለዚህ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ስሌቱን በወረቀት ላይ ይጨርሱ። ለምሳሌ ለወፍጮና ለውኃ መሳቢያ የሚያገለግል፣ 12 የፈረስ ጉልበት ያለውና በደቂቃ 2,200 ጊዜ የሚዞር ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር አለ እንበል። የኋላ ጎማው ክብ በመሃሉ በኩል ከዳር እስከ ዳር 1 ሜትር ከሆነ በአንድ ዙር 3.14 ሜትር ይሄዳል፤ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ለመጓዝም በደቂቃ 26 ተኩል ያህል ጊዜ መዞር አለበት። 2,200 ለ26 ተኩል ሲካፈል 83 ይሆናል፤ ይህም ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ሞተሩ 83 ጊዜ መዞር አለበት ማለት ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝና ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ 12 የተባለውን በተግባር 10 አድርገው ይቁጠሩት።

ያገለገለ ዕቃ ሲመርጡ የሻጩን ቃል ብቻ አይመኑ። ካምቢዮውን 1ኛ ማርሽ ላይ አስገብተው መውጫው ዘንግ አንድ ሙሉ ዙር እስኪዞር ድረስ መግቢያው ስንት ጊዜ እንደዞረ ይቁጠሩ። ለዲፈረንሻሉ ደግሞ አንዱን ጎማ አጥብቀው ይዘው ሌላውን ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩ፤ በዚያ ጊዜ ፒኞኑ (ኃይሉን ወደ ዲፈረንሻሉ የሚያስገባው ትንሹ ጥርስ) የዞረው ዙር ዲፈረንሻሉ ስንት እጥፍ እንደሚቀንስ ይነግርዎታል።

ከዚህ በኋላ ዋናው ምርጫ ይመጣል። ብዙዎች የፒክአፕ ሁለት ካምቢዮዎችን አከታትለው ይገጥማሉ። እያንዳንዱ በ1ኛ ማርሽ 4 እጥፍ፣ ዲፈረንሻሉም 4 እጥፍ ቢቀንሱ ሲባዛ 64 ይሆናል፤ ቁጥሩ መጥፎ አይደለም። ችግሩ ፍጥነት በተቀነሰ ቁጥር የመጠምዘዝ ኃይሉ በዚያው ልክ ማደጉ ነው፤ በዚህ አሠራር ወደ ፒኞኑ የሚደርሰው ኃይል የሞተሩ 16 እጥፍ ይሆናል። ፒክአፕ በ1ኛ ማርሽ የሚቆየው ለጥቂት ሰከንድ ሲሆን፣ ትራክተር ግን ቀኑን ሙሉ እንደዚያው ተወጥሮ ይውላል። በዚህ ምክንያት እኔ የምመርጠው የቀላል ጭነት መኪና ካምቢዮና የኋላ ዲፈረንሻል ከነቤቱ ወስዶ፣ ቀሪውን ቅነሳ ከፊት በችንጋ (በማዞሪያ ቀበቶ) መጨረስን ነው። ካምቢዮው 5፣ ዲፈረንሻሉ 6 እጥፍ የሚቀንሱ ከሆነ 30 ይሆናል፤ በሞተሩ ላይ 13፣ በመቀበያው ላይ 36 ሳንቲ ሜትር በመሃላቸው በኩል ከዳር እስከ ዳር ያላቸው ፑሌጃዎች (ችንጋው የሚዞርባቸው መንኮራኩሮች) ሲታከሉ ደግሞ 83 ይሞላል። ካምቢዮው ምንም ሳይቀንስ ቀጥታ በሚያልፈው ማርሽ ይኸው ትራክተር በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ ቡና ጭኖ ወደ ከተማ ለመግባት አያንስም። ችንጋው ድንገተኛ ምት ሲመጣ ተንሸራቶ የካምቢዮውንና የዲፈረንሻሉን ጥርሶች ያድናል። ትልቁ ፑሌጃ ግን የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ላይ በቀጥታ መንጠልጠል የለበትም፤ በሁለት ኩሽኔታ (ዘንግ ይዞ በቀላሉ የሚያዞር ቀለበት) በተያዘ መካከለኛ ዘንግ ላይ ይቀመጥ፣ ፍሪሲዮኑም (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውና የሚለየው ክፍል) ከዚሁ ዘንግ ጋር ይያያዝ።

ከመበየድዎ በፊት የሞተሩን የመዞሪያ አቅጣጫ ከመኪናው የቀድሞ ሞተር ጋር ያስተያዩ። ተቃራኒ ከሆነ ትራክተሩ አንድ የፊትና ብዙ የኋላ ማርሽ ይኖረዋል፤ ሞተሩን ፊቱን አዙሮ መግጠም ቀላሉ መፍትሔ ነው።

በክረምት ጭቃ ላይ አንዱ ጎማ ብቻውን ሲሽከረከር ሌላው ይቆማል። ይህን ለማስቀረት ዲፈረንሻሉን በብየዳ የሚቆልፉ አሉ፤ ነገር ግን በብየዳ የተቆለፈ ዲፈረንሻል ትራክተሩን ለመጠምዘዝ ያስቸግራል፣ የጎማውንም ዘንግ ይሰብራል። የተሻለው የግራውንና የቀኙን ፍሬን በየራሳቸው ፔዳል ለይቶ፣ የሚሽከረከረውን ጎማ ብቻ መያዝ ነው። በመንገድ ላይ ሲሄዱ ግን ሁለቱ ፔዳሎች በመቀርቀሪያ መያያዝ አለባቸው፤ አንዱ ብቻ በፍጥነት ከተረገጠ ትራክተሩ ሊገለበጥ ይችላል።