ከ60 ሰዓቱ በፊት የተማሪውን ደብተር ክፈቱ፦ ለትምህርት ቤታችሁ የሲፒዲ መስፈርት እንዴት ይወጣል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሰኔ ላይ። ፈተና ታርሟል፣ ካርድ ተሞልቷል። አራት መምህራን ስታፍ ውስጥ ጠረጴዛ ከበን የሲፒዲ፣ ማለትም የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ፣ ማህደረ ተግባራችንን እንሞላለን፤ መምህሩ በዓመት 60 ሰዓት መሥራቱ የሚመዘገብበት ነው። መስከረም ላይ «2 ሰዓት፣ የእርስ በርስ ውይይት»፣ ጥቅምት ላይ «3 ሰዓት፣ የክፍል ምልከታ»። ሁሉም በአንድ ቀን የተጻፈ እንዳይመስል እስክሪብቶ እንቀያየራለን። አንዷ ጓደኛዬ «ኅዳርን በሰማያዊ ልጻፈው፣ ያኔ ጥቁሩ ጠፍቶብኝ ነበር» ብላ አሳቀችን። ሻይ ሳይቀዘቅዝ 60 ሰዓታችን ሞላ። ሱፐርቫይዘሩ መጣ፣ ገለጥ ገለጥ አደረገ፣ ፈረመ። የእኔ ማህደር ጭራሽ ሞዴል ነው ተብሎ ለሌሎች ታየ።

አሁን የመማር ማስተማር ምክትል ርዕሰ መምህር ነኝ። አዲስ አበባ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ በየክፍሉ ወደ 58 ተማሪ። ማህደር የምትገልጠው እኔ ሆንኩ ማለት ነው። በዚህ በኩል ሆኜ ሳየው የዚያን ቀን ጥፋት ስንፍና ብቻ አልነበረም። መስፈርቱ የጠየቀን ሰዓትና ወረቀት ነው። ሰዓትና ወረቀት ሰጠነው።

በአገር ደረጃ መስፈርት አልጠፋም። የተከታታይ የሙያ ማሻሻያው ማዕቀፍ እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት እንዲሠራ ይጠይቃል። አዲስ መምህር ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ከአማካሪ መምህር ጋር ያሳልፋል። የመምህራን ሙያዊ ስታንዳርድ አለ፤ ዕውቀት፣ ተግባርና ተሳትፎ ብሎ በሦስት ዘርፍ ሰባት ስታንዳርድ ይዘረዝራል። ኢንስፔክሽኑም ትምህርት ቤቱን በራሱ ስታንዳርዶች ይመዝናል። ሁሉም ደህና ናቸው። ግን ለመላው አገር የተጻፉ ናቸው። የእናንተ 6ኛ ለ ክፍል ውስጥ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ከኋላ ያለችው ልጅ ለምን ዝም እንዳለች አይነግሯችሁም። ያንን ወደ ራሳችሁ ቋንቋ መመለስ የትምህርት ቤቱ ሥራ ነው።

እኛ የጀመርነው ከደብተር ነው። እናንተም ከዚያ ጀምሩ። የፍላጎት መጠይቅ አትበትኑ። መጠይቅ ስትበትኑ «የአይሲቲ ስልጠና ያስፈልገኛል» የሚል መልስ ይመጣል፤ ኮምፒውተሩ ግን ተቆልፎበታል። ይልቅ ከአንድ ክፍል 10 ደብተር ሰብስቡ፤ ከፊት ሦስት፣ ከመሃል ሦስት፣ ከኋላ አራት። መምህሩ እንዲመርጥ አትፍቀዱ፤ በላስቲክ የተሸፈኑትን ብቻ ነው የሚያመጣው። ከዚያ ከዲፓርትመንቱ ተጠሪ ጋር ቁጭ ብላችሁ አገላብጡ። ከሰሌዳ የተገለበጠው ስንት ነው? ልጁ ከራሱ የጻፈው ስንት ነው? መምህሩስ ምን ብሎ አረመ?

እኛ የሒሳብ ደብተር ስናይ አንዱ ልጅ 3/4 ከ2/3 ያንሳል ብሎ ጽፏል። ጎኑ ላይ ትልቅ ቀይ ራይት አለ፣ ከሥሩ «ታይቷል» ከነፊርማው። መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ ቆጠርን። መምህሩ አራት ክፍል ያስተምራል፣ 232 ደብተር። ያን ሁሉ በአንድ ሳምንት አያለሁ የሚል ሰው ማንበቡን ትቶ ራይት ማድረግ ይጀምራል። እኛ ደግሞ ለዓመታት «ሁሉም ደብተር ይታረም» እያልን ራይት ስናስደርግ ኖረናል። የመጀመሪያው መስፈርታችን የወጣው ከዚህ ነው፦ «በየሳምንቱ ከየክፍሉ 10 ደብተር ይነበባል፤ በእያንዳንዱ ላይ ልጁ ምን እንዲያስተካክል የሚነግር አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል።» በስድስት ሳምንት ክፍሉ ይዳረሳል።

አጻጻፉ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ዋናው ጣጣ እዚያ ነው። እኔ አንድ መፈተኛ አለኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር ይዤ ክፍል ብገባ፣ በ40 ደቂቃ ውስጥ መኖር አለመኖሩን በዓይኔ አያለሁ ወይ? ካላየሁት ይሰረዛል። «መምህሩ ተማሪ ተኮር የማስተማር ዘዴን ያጎለብታል» የሚለውን እስቲ ክፍል ገብታችሁ ፈልጉት። ማጎልበት አይታይም። «ግንዛቤ ይጨብጣል»፣ «አቅሙን ያዳብራል» የሚሉትም እንደዚያው። ለሪፖርት ይመቹ ይሆናል፣ ለሥራ ግን አይሆኑም።

ሁለተኛውን መስፈርት ያገኘነው ክፍል ውስጥ ነው። ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ባዶ ወረቀት ላይ የዴስኮቹን አቀማመጥ ሳልኩ። አንድ ልጅ በተናገረ ቁጥር ቦታው ላይ ጭረት። ክፍሉ ሞቅ ያለ ነው፤ «ቲቸር! ቲቸር! እኔ! እኔ!» ጣት ማፏጨት፣ ከወንበር መነሳት። ላየው ሰው ተሳትፎ የሚሉት ይኸው ነው። መጨረሻ ላይ ስቆጥር መምህሯ 31 ጥያቄ ጠይቃለች፣ የመለሱት ሰባት ልጆች ናቸው። ከሰባቱ አራቱ ፊት ረድፍ። ወረቀቱን ሳሳያት ትንሽ ዝም አለችና «እኔ እኮ ሁሉም የሚመልሱ ነበር የሚመስለኝ» አለች። መስፈርቱን የጻፈችው እሷው ራሷ ናት፦ «በአንድ ክፍለ ጊዜ ቢያንስ 15 የተለያዩ ልጆች ይናገራሉ፤ ከእነሱ አምስቱ ከኋላ ሦስት ረድፎች።» ለምን 30 አልሆነም? ከሰባት ተነስቶ 30 የተባለ ሰው ወይ ይዋሻል ወይ ይተወዋል።

ብዛቱ ከሦስት አይለፍ። እኛ በመጀመሪያው ዓመት 14 ጽፈን፣ አስጨብጭበን፣ ስታፍ ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ጥር ላይ ሰው እየጠራሁ ስጠይቅ ከሁለት በላይ የሚያስታውስ አልነበረም። እኔም አራተኛው ላይ ተሰናክያለሁ።

ከቢሮ ጨርሳችሁ ይዛችሁ አትውጡ። በተለይ ስብሰባ ላይ የሚያጉረመርመውን ሰው አስቀድማችሁ አስገቡት። እኛ ጋ ከ30 ዓመት በላይ ያስተማሩ መምህር አሉ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የክፍል ምልከታ ሲባል «አንቺ ልጅ፣ እኔን ልትቆጥሪኝ ነው የምትገቢው?» አሉኝ። እውነትም ይከብዳል። ስለዚህ ገልብጠነው እሳቸው እኔ ክፍል ገቡ። እኔም በሳምንት ስድስት ክፍለ ጊዜ ሳይንስ አስተምራለሁ። ከኋላ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ ጭረት ሲያደርጉ ዋሉ። ዘጠኝ ልጅ አገኙብኝ። ስታፍ ሲገቡ «ዘጠኝ! ምክትሏ ዘጠኝ!» እያሉ ነው። በማግስቱ የእሳቸው በር ተከፈተልኝ። ሌላ ትምህርት ቤት ብሆንም ከዚህ ነው የምጀምረው፦ መጀመሪያ የሚታየው ኃላፊው ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ድርድር የለም። የጭረቱ ወረቀት ወደ ሥራ አፈጻጸም ምዘና አይገባም። ዕድገትና የእርከን ጭማሪ የተንጠለጠለበት ነገር ላይ ቁጥሩን አንዴ ከጨመራችሁት አለቀላችሁ፤ በማግስቱ ልጆቹ «ምክትሏ ስትገባ ሁላችሁም እጅ አውጡ» ተብለው ይጠብቋችኋል። ወረቀቱ ለመምህሩ ይሰጣል። እኔ ጋ የሚቀረው ቀኑና ክፍሉ ብቻ ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ ቀላል ስሌት ነው። ዓመቱን 40 ሳምንት ብንለው 60 ሰዓት ማለት በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ሐሙስ አንድ ክፍለ ጊዜ ዲፓርትመንቱ አብሮ ይቀመጣል፤ የቀረው ደብተር ማንበብና አንዱ የሌላውን ክፍል ማየት ነው። ይህ የሚሆነው ግን መስከረም ላይ ፕሮግራም ሲወጣ የአንድ ዲፓርትመንት ሰዎች በአንድ ሰዓት ክፍት ከተደረጉ ነው። ፕሮግራም አውጪውን ቡና ጋብዙት፣ ለምኑት፤ ከወጣ በኋላ አይነካም። ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ እንሰብሰብ ካላችሁ ግን ሰዉ አካሉ እዚህ፣ ልቡ መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ከተማው ዳር ኮዬ ፈጬ ድረስ የሚገባ ሰው ላይ አልፈርድም።

አማካሪ መምህር ስትመድቡም ፕሮግራሙን እዩ። ከአዲሱ መምህር ጋር አንድ ትምህርት የሚያስተምርና ቢያንስ አንድ የጋራ ክፍት ሰዓት ያለው ይሁን። አለበለዚያ የሁለቱ ግንኙነት ፊርማ ብቻ ይሆናል።

ስለ ስልጠና። ስልጠና ሲባል መጀመሪያ የምንጠይቀው «አበል አለው?» ብለን ነው፤ እኔም ጠይቄያለሁ። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ላይ ለአሰልጣኞች አሥር ቀን የተሰጠውን እነሱ በሦስት ቀን ያወርዱታል፣ እኛ ጋ ሲደርስ ግማሽ ቀንና አንድ ብስኩት ነው። ስለዚህ እኛ ጋ ሰርተፍኬት ብቻውን ሰዓት አያስቆጥርም። የሰለጠነው ሰው አንዷን ነገር ክፍሉ ውስጥ ሞክሮ፣ አንድ ባልደረባው ገብቶ ካየው በኋላ ይቆጠርለታል። ማህደሩም ቀጥኗል። በሴሚስተር አንድ ገጽ፦ ምን አየሁ፣ ምን ሞከርኩ፣ ምን ተለወጠ። ከጀርባው የአንድ ልጅ ሥራ ቅጂ፣ ከሙከራው በፊት የነበረውና በኋላ የመጣው። ያንን ሰኔ ላይ ቁጭ ብሎ መፈብረክ ከመሥራቱ ይልቅ ያደክማል።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። የ60 ሰዓቱ ጉዳይ ስለ መምህር ነው የሚያወራው። ግቢው ውስጥ ግን ጥበቃ አለ፣ ጽዳት አለ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ሪከርድ ቢሮ፣ የምገባ እናቶች አሉ። ልጁ ጠዋት መጀመሪያ የሚያገኘው ሰው መምህሩ አይደለም፣ በር ላይ ያለው ጥበቃ ነው። እኛ በር ላይ ያረፈደ ልጅ ይንበረከክ ነበር፤ ልምጭም ነበረች። ከጥበቃዎቹ ጋር ተቀምጠን አንድ መስፈርት አወጣን፦ «ያረፈደ ልጅ ስሙ ተመዝግቦ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ክፍል ይገባል፤ በሳምንት ሁለቴ ያረፈደ ስሙ ለዩኒት ሊደሩ (የተማሪዎችን ሥነ ሥርዓት ለሚከታተለው ኃላፊ) ይደርሳል።» ጽሑፍ ለሚከብደው አንዱ ጥበቃችን የክፍል ተጠሪ ተማሪ ትጽፍለታለች።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ይኸው ጥበቃ ቢሮዬ በር ላይ ቆመ። «እትዬ፣ ይቺ የሰባተኛዋ ልጅ ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ነው የምታረፍደው» አለኝ። «እሺ፣ ታዲያ?» ስለው «የሰፈራቸው የውሃ ቀን ነው» አለ። እሱም የዚያው ሰፈር ሰው ነው። እናቷ ሌሊት ወጥታ ጉሊት ስለምትሄድ ጀሪካን የምትሞላው ልጅቷ ነበረች። ስምንት መምህር ያስተምራታል፤ የክፍል ኃላፊዋ «ግዴለሽ» ብላ ካርዷ ላይ ጽፋባታለች። አሁን በእነዚያ ሁለት ቀናት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ስፖርትና ሥነ ጥበብ እንዲሆን ፕሮግራሙን ቀያየርነው። ቤተ መጻሕፍቱ ጋም ተመሳሳይ ነው፦ የምንቆጥረው በመደርደሪያ ያለውን ሳይሆን በሳምንት ወጥቶ የተመለሰውን መጽሐፍ ነው።

በሴሚስተር እረፍት መስፈርቶቹን አንስታችሁ እዩ። ልማድ የሆነውን አውጡት፣ ሌላ ተኩ። ያልተሳካውን ደግሞ መምህሩ ላይ ከመጮህ በፊት ቁጥሩን ጠርጥሩ። የእኛ 10 ደብተር በሳምንት 28 ክፍለ ጊዜ ለሚያስተምር ሰው አልተቻለም፤ ወደ ስድስት ወረደ። መውረዱን ቃለ ጉባኤ ላይ ከነምክንያቱ ጽፈነዋል፣ ምክንያቱም ሱፐርቫይዘሩ ይጠይቃል።

ጋሼ በዚህ ዓመት 17 ልጅ ደርሰዋል። እኔ 14 ላይ ነኝ። ሐሙስ ሊቆጥሩኝ ይመጣሉ።