የሮም ሳንቲም ስትገዙ «ሌላ አለህ?» ብላችሁ ጠይቁ

ሙያዬ ሰዓት መጠገን ነው። ዕድሜዬን ፒያሳ ሠርቼ፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ጠረጴዛዬን ይዤ አራት ኪሎ ገባሁ። የጥንት ሳንቲም መሰብሰብ የጀመርኩት ግን በመታለል ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ ካሉት የስጦታ ዕቃ መሸጫዎች በአንዱ፣ ሻጩ «የቄሣር ብር ነው» ብሎ አንድ ዲናር፣ የሮም የብር ሳንቲም፣ አሳየኝ። ገዛሁት። በሳምንቱ ተመልሼ «ሌላ አለህ?» ስለው ደስ ብሎት ከመሳቢያው ሁለተኛ አወጣ። ጠርዙ ላይ ያለው ስንጥቅ ሳይቀር ከእኔው ጋር አንድ ነው!

የሮም ሳንቲም በእጅ ነው የሚመታው። ክብ ብረቱ በሁለት ማኅተም መካከል ይቀመጥና በመዶሻ ይመታል። ስለዚህ አንዱ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ሌላው ጫፉ ላይ ይሰነጠቃል። ሁለቱ በስንጥቃቸው ከተመሳሰሉ በአንድ ቅርጽ ፈስሰው የወጡ ናቸው። እናም መጀመሪያ «ሌላ አለህ?» በሉ። አያስከፍልም።

ቀጥሎ ጠርዙን እዩ። እኔ ዓይኔ ላይ የምሰካት የሰዓት ማጉያ አለችኝ፤ ለእናንተ አሥር እጥፍ የምታጎላ ማንኛዋም ትበቃለች። ኮንጎ ጫማ ጎኑ ላይ ያለውን መስመር ታውቁታላችሁ? ሳንቲሙ ዙሪያውን እንደዚያ ያለ መስመር ካለው ወይም ሞርደው ካጠፉት ተዉት። ፊደሎቹ የሟሟ ሳሙና ከመሰሉ፣ ሥዕልና ፊደል የሌለበት ባዶው ሜዳ ላይም ክብ ክብ ጥቃቅን ቀዳዳ ከበዛ፣ ብረቱ ሲፈስ ውስጡ የቀረ አየር ነው። አፈር የበላው ግን ቀዳዳው ወጣ ገባ ነው፤ እሱን አትናቁ።

ከዚያ ሚዛን። አንድ መቶኛ ግራም የሚለይ የወርቅ ቤት ሚዛን ያስፈልጋል። ዲናር ከቄሣር ኔሮን በፊት 3.9 ግራም ገደማ ነበር፤ ኔሮን በ64 (የሳንቲሞቹን ዘመን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ ነው) ወደ 3.4 አወረደው፣ ብሩንም በረዘው። የእኔ የቸርችል ዲናር 2.6 መዘነ። ሳንቲሙ ብር ስላልመሰለ ብቻ ግን ሐሰተኛ አትበሉት። በ260ዎቹ መጨረሻ፣ ንጉሡ የፀሐይ ጨረር የመሰለ አክሊል የደፋበት ገንዘብ ከመቶ አምስት እጅ ብር እንኳ አልነበረውም። ለእጅ ማለማመጃ ጠገራ ብር ይሻላል፦ 28 ግራም ነው፣ ከ1780 በኋላ መቼም ይመታ 1780 የሚል ነው።

መግዛት ከፈለጋችሁ ደግሞ በብር አትጀምሩ። የአራተኛውን ክፍለ ዘመን የነሐስ ሳንቲም ፈልጉ፤ ርካሽ ነው፣ ይነበባልም። የምወደውን ላሳያችሁ። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ሁለት ወታደሮች ጦርና ጋሻ ይዘው ትይዩ ቆመዋል፤ ዙሪያው በላቲን «የሠራዊቱ ክብር» ይላል። በመካከላቸው ሁለት የጦር ዓርማ ካለ ከ330 እስከ 335 የተመታ ነው። በ335 ሳንቲሙ ሲቀል ዓርማውም አንድ ሆነ። ከእግራቸው በታች፣ ከመስመሩ ሥር ያሉት ጥቂት ፊደሎች ከተማውን ይናገራሉ። የእኔው ሁለት ዓርማ አለው፣ ከሥሩም «ኤስ ኤም ኤ ኤል» ይላል፦ እስክንድርያ። ያኔ እስክንድርያ በመንበሩ የተቀመጠው አትናቴዎስ ነው፤ አባ ሰላማን ጳጳስ አድርጎ የላከልን! ይህን ያወቅኩ ማታ ሱቄን ዘግቼ ቤቴ የገባሁት አምሽቼ ነው።

የሌላውም ጽሑፍ አያስፈራችሁ፤ ምሕጻረ ቃሉ ይደጋገማል። «አውግ» አውግስጦስ ነው፣ «ኮስ» ቆንስል፣ «ዲ ኤን» ጌታችን። ዩ እና ቪ አንድ ፊደል ናቸው።

ስለ ማጽዳት። የመጀመሪያዬን ነሐስ በሎሚና በአመድ ፈተግኩት። እንደ ወርቅ አበራ፣ ወታደሮቹ ግን የሉም። አረንጓዴው ወይም ቡናማው ልባስ የሳንቲሙ ቆዳ ነው፤ እሱ ሲሄድ ሥዕሉም ይሄዳል። ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉ፣ ውሃውን በየሁለት ቀኑ ለውጡ፣ ሲለሰልስ አፈሩን በወይራ መፋቂያ አንሱ። ውሃውን ከጋራዥ ሠፈር ስትገዙ የባትሪ አሲድ እንዳይሰጧችሁ ተጠንቀቁ። ነጣ ያለ አረንጓዴ ዱቄት ካበቀለ ነሐሱ ታሟል፤ ከሌሎቹ ለዩት፣ እርጥበት አታስነኩት። ክረምት ላይ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ሳጥናችሁ ውስጥ ጣሉ። ለስላሳ ፕላስቲክ ነሐስ ያበላሻል፤ ወረቀት ፖስታ ይሻላል።

አንድ ነገር ቀረ። «ከትግራይ የመጣ የአክሱም ወርቅ» የሚላችሁ አይጠፋም። ንጉሡ በሁለት የእህል ዘለላ መካከል፣ በኢዛና ዘመን መጀመሪያ ጨረቃ በኋላ ደግሞ መስቀል ያለበት ነው፤ ማንም ይመኘዋል። ሐሰተኛ ከሆነ ገንዘባችሁ ሄደ፤ እውነተኛ ከሆነ ደግሞ የሀገር ቅርስ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 በድንገት የተገኘ ቅርስ እንዲነገር ያዛል፣ ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣትንም ይከለክላል። እኔ አልነካም፤ የአክሱምን ዘመን ዕቃ ማየት ሲያምረኝ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም እሄዳለሁ። የሮሞቹን የእህቴ ልጅ ከጀርመን ያመጣልኛል፣ ከደረሰኝ ጋር። ደረሰኙን እዚያው ፖስታው ውስጥ አጥፌ እከተዋለሁ፣ ጀርባው ላይ ክብደቱን በእርሳስ ጽፌ።